ታዛቢና ታዛዥ

«ሰው ቤት ነኝ ነው ያልኳቸው» አለች። ዓርብ ጠዋት ነው፤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ጢሜን እየተላጨሁ ነበር። የቤታችን የማሞቂያ ቱቦ ከምድር ቤት ተነስቶ በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ያልፋል፤ ምድር ቤት ያለ ሰው ቢያስነጥሰው «ይማርህ» የምለው እዚህ መስተዋት ፊት ቆሜ ነው። «ዘመድ የለኝም፣ ሰው ቤት ነው ያረፍኩት አልኩ። የታክሲውን ነገርማ ማን ያነሳል! አንቺም ሲጠይቁሽ እንደሱ በያቸው» አለችና ሳቀች። ምላጩ አገጬን ነከሰኝ። ደሙ እስኪቆም ወረቀት ለጥፌ ቆምኩ፤ ሌላ የምሰማው ነገር ቢኖር ብዬ ጆሮዬን ቱቦው ላይ አደረግኩ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የልብስ ማጠቢያውን ድምፅ ብቻ ነው።

ያለችው የእኅቴ ልጅ ዘርቃ ናት። «ሰው» የተባልኩት ደግሞ እኔ ሸራፈት ነኝ፤ የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ ማሙዋ። እኛ ቤት ከመጣች አሥር ሳምንቷ ነው። ምድር ቤቱን ለእሷ ብዬ ቀለም አስቀብቻለሁ፤ ከማሞቂያው ጋን አጠገብ አልጋ ዘርግቻለሁ፤ የቢላልን፣ የልጄን፣ የድሮ የጥናት ጠረጴዛ በዚህ ወገቤ ደረጃ ለደረጃ አውርጃለሁ። ጠዋት ጠዋት ሌላ ሰው ሳልጭን በታክሲዬ አደርሳታለሁ። ሰው ቤት! ሰው ቤት ሲሆን እኮ የሚከፈል ኪራይ አለ፤ ማታ ሲገባ የሚፈራ በር አለ።

የመጣችበትን ጉዳይ ልንገራችሁ። ላሆር ስድስት ዓመት ሕክምና ተምራለች፣ አንድ ዓመት በቀን መቶ ሰው በሚያይ ሆስፒታል ሠርታለች፣ የአሜሪካንን ፈተናዎች አልፋለች። ልዩ ሐኪም ለመሆን እዚህ ሥልጠና ስታመለክት ግን ይህ ሁሉ አይበቃም። «የእኛን አገር በሽተኛ አይተሻል ወይ?» ይሏታል። ስለዚህ እዚህ አገር ሐኪም ዘንድ ታዛቢ ሆና መቆም አለባት። ታዛቢ ማለት ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ እጅን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሐኪሙ በሽተኛ ሲያክም ከግድግዳ ጋር ተለጥፎ ማየት ነው። መንካት ክልክል ነው። የደም ግፊት እንኳ አትለካም። አንዳንዱ ቦታ ለዚህ መቆም በወር ሁለት ሺህ ዶላር ያስከፍላሉ፤ የእሷ ሐኪም፣ እዚሁ ቺካጎ፣ ዴቮን ጎዳና ላይ ክሊኒክ ያለው ዶክተር ሙነወር፣ አያስከፍልም፤ እየመረጠ ነው የሚቀበለው። የመቆሙ ዋጋ በመጨረሻ አንድ ደብዳቤ ነው። ሐኪሙ ስለ እሷ አንድ ገጽ ጽፎ በኮምፒውተር ይልካል፤ እሷ ግን አታየውም፤ አላይም ብላ ፈርማለች። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማመልከቻው ለየሆስፒታሉ ይከፈታል። ከዚህ አገር ሐኪም የተጻፈ ደብዳቤ የሌለው፣ ወይ ደካማ ደብዳቤ ያለው፣ ሌላ ዓመት ይጠብቃል። እሷ የምትጠብቅበት ዓመት የላትም፤ ቪዛዋ በኅዳር ያልቃል፣ አባቷም አንድ ዓመት ብቻ ነው የፈቀደላት። የመድኃኒት ቤት ባለቤት የሆነ ሙሽራ ላሆር ላይ ጥርሱን እያፋጨ ይጠብቃታል። በቀን መቶ በሽተኛ በሚታይበት ያከመች ልጅ እዚህ መጥታ እጇን አጣምራ መቆሟን የሰማሁ ቀን፣ አልዋሽም፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። እኔም ይህን አገር ስገባ ሁሉን ነገር የጀመርኩት በመቆም ነው።

ወጥ ቤት ስገባ ሸሚም፣ ባለቤቴ፣ የፓራታ ቂጣ እየገለበጠች ነበር።

«የቢላል አባት፣ ፊትህን ምን ነካው?»

«ምላጭ ነው።»

«ምላጩ የቆረጠው አገጭህን ነው። እኔ የምልህ ፊትህን ነው።»

ዘርቃ ጋዋኗን በመስቀያ አንጠልጥላ ከምድር ቤት ወጣች፤ የተተኮሰው እጅጌ እንዳይታጠፍ እንደ ሕፃን ታቅፈዋለች። ፓራታውን ቆርሳ ሳህኑ ላይ ተወችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ደብዳቤ ስትጽፍ ነው የከረመችው፤ ዶክተሩ ለሁሉም ታዛቢ እንደሚለው ለእሷም «አንቺው ረቂቁን ጻፊው፣ እኔ አንብቤ እፈርማለሁ» ብሏታል። ማታ ማታ በቱቦው በኩል ስታነበው፣ ስትሰርዘው፣ እንደገና ስታነበው እሰማ ነበር። ዛሬ የሚፈረምበት ቀን ነው፤ የክሊኒኩም የመጨረሻ ቀኗ ነው። ሸሚም ሻዩን ወደ እሷ ገፋ አድርጋ «ሆድሽ ባዶ ከሆነ ልብሽ ይመታል» አለቻት። «አሁንም እየመታ ነው አክስቴ» አለች። እኔ የታክሲውን ቁልፍ አንስቼ ወጣሁ።

መኪና ውስጥ ጥፍሯን ትበላ ነበር። «ዛሬ ይፈርማሉ አይደል ማሙ?» አለችኝ፤ ለመልሱ ብላ ሳይሆን ዝምታውን ለመስበር። «እኔ ምን አውቃለሁ። ታክሲ ነጂ ነኝ» አልኳት። ዘወር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ በመስኮቱ ማየት ጀመረች። የሳሪ ልብስ ሱቆቹ ገና በራቸውን አላነሱም፤ አንድ ሰው ብቻ የማንጎ ካርቶን አስፋልቱ ላይ ይደረድራል። ክሊኒኩ አንድ መንገድ ሲቀረው እንደ ሁልጊዜው «ማሙ፣ እዚህ ጥግ ላይ ያውርዱኝ» አለች። አሥር ሳምንት ሙሉ እዚህ ጥግ ላይ አውርጃታለሁ፤ «በእግሬ መሄድ እወዳለሁ» ስትለኝ አምኛት ነበር። ዛሬ ግን የጥጉ ትርጉም ገባኝ። ነጭ ጋዋን ለብሶ ከታክሲ መውረድ! በመስታወቱ ከኋላዋ አየኋት፤ ጋዋኑን ለበሰች፣ አንገቷን አቃናች፣ ሄደች።

እኅቴ ሩቂያ፣ እናቷ፣ ከእኔ ስድስት ዓመት ትበልጣለች። በትውልድ ከተማችን ላላ ሙሳ ለሁለት ልጅ ትምህርት የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበረን፣ እሷ ትማር ተብሎ እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ የአባቴን የቆርቆሮ ሱቅ ጠበቅኩ። ተማረች፣ አስተማሪ ሆነች፣ ርዕሰ መምህር አገባች። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲድሩ ከቺካጎ ሻንጣ ሙሉ ዕቃ ይዤ ሄጄ ነበር። ርዕሰ መምህሩ በእጁ እየጠቆመ ሰዎች ሲያስቀምጥ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ትንሽ አሰበና «ሸራፈት፣ አንተ ከሹፌሮቹ ጋር ትጫወታለህ፣ ሙያችሁ አንድ ነው» አለኝ። ከሹፌሮቹ ጋር ከድንኳኑ ውጭ በላሁ። ሩቂያ አይታኛለች፤ ምንም አላለችም። እነሆ ዛሬ ልጇ ያንኑ ወንበር ዘረጋችልኝ፤ ያውም በገዛ ቤቴ። እንግዲህ እኔ ማን እንደሆንኩ ያ ዶክተር ይወቅ አልኩ። ዘመድ የላትም? ዘመድ እንዳላት አሳያታለሁ።

ከጁምዓ ሰላት በፊት ከጎዳናው ትልቁ ጣፋጭ ቤት አንድ ካርቶን ባርፊ ገዛሁ፤ ሠላሳ ሁለት ዶላር፣ የብር ወረቀት የለበሰውን። ሰላት ሲያልቅ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ዓርብ ዓርብ በዚህ ሰዓት ዘርቃ ትምህርት ለመስማት ወደ ሆስፒታል እንደምትሄድና እስከ ዘጠኝ ተኩል እንደማትመለስ አውቃለሁ። ክሊኒኩን አውቀዋለሁ፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ደረቴን ወግቶኝ መጥቼ ሦስት ሰዓት ተቀምጫለሁ። ዶክተሩ ያኔ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ «ጋዝ ነው፣ ቀጣይ» ነበር ያለኝ። ወንበሮቹ ዛሬም እነዚያው ናቸው፤ ጨርቃቸው ብቻ ተቀይሯል። ጸሐፊዋ ኤልቪራ የምትባል ሜክሲኳዊት ናት፤ ዘርቃ ስሟን ስታነሳ ሰምቻለሁ።

«ቀጠሮ አለዎት?»

«ቀጠሮ የለኝም። የዘርቃ አጎት ነኝ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ዘርቃ አጎት አላት እንዴ?»

ይህ ጥያቄ ሁለተኛው ምላጭ ነበር።

ዶክተር ሙነወር ሰባ አምስት ዓመት አልፎታል፤ በሁለቱም ጆሮው የመስሚያ መሣሪያ አለ። ባርፊውን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። ልድገመው፤ ከወንበሩ ተነሳ። «የት አገር ነዎት?» አለኝ፤ «ላላ ሙሳ» ስለው ሁለቱን እጆቹን አጨበጨበ።

«እኔ እኮ የጎረቤታችሁ የካሪያን ከተማ ልጅ ነኝ! የላላ ሙሳ ባቡር ጣቢያ ሻይ! ዛሬም በሸክላ ነው የሚሸጡት?»

«ሸክላውማ ቀርቷል ሳሂብ። አሁን ወረቀት ነው።»

«ወረቀት! ተበላሸ በለኛ ዓለሙ» አለ፤ በሁለት ደቂቃ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ገባን፤ አልከፋኝም፣ የአገር ልጅ «አንተ» ነው። ኤልቪራ ሻይ እንድታመጣ አዘዘ። ከዚያ ጠጋ ብሎ «ልጅቷ እኮ ማንም የለኝም ብላን ነበር» አለኝ። «ባለቤቴ ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ትመጣለች፤ ‹እንዲህ ያለች ልጅ እንዴት ያለ ሽማግሌ ትቀራለች› ስትል ነው የከረመችው።»

«ሽማግሌዋ እኔ ነኝ» አልኩት፤ ደረቴን ነፍቼ። ዓይኑ ብልጭ አለ፤ እኔ ለአገር ልጅነት ብልጭ ያለ መሰለኝ።

ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ልፈርም ስል ነው የመጣኸው» ብሎ መነጽሩን አወረደና አነበበልኝ። የእንግሊዝኛውን ግማሽ ያዝኩ፤ ምርመራ፣ ማስረጃ፣ እንዲህ አየች፣ እንዲያ ጠየቀች። ሲጨርስ ወረቀቱን ገልብጦ አየው፤ ጀርባው ላይ የቀረ ነገር ካለ ብሎ።

«ሥራዋ ጥሩ ነው። ግን ደረቅ ነው፣ አይደል? የሰው ሽታ የለውም። ይህቺ ልጅ ከየት መጣች? የማን ልጅ ናት? እኛ ልጆቻችንን እንዲህ ነው እንዴ የምናስተዋውቀው?»

እንዲህ ያለ ሰው የእኔን ሐሳብ ሲጠይቅ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ተናገርኩ። ከጨዋ ቤተሰብ መሆኗን ይጻፍ አልኩ፤ አባቷ ርዕሰ መምህር ነው፤ እናቷ አስተማሪ ናት፤ አጎቷ እዚህ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት በክብር የሠራ ሰው ነው። ታዛዥ ናት ይበሉ። ታላቅ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ሳትጠይቅ አንድ ነገር አታደርግም፤ የታዘዘችውን ትፈጽማለች። ዶክተሩ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያለ በራሱ እጅ በጎን ጻፈው። ኤልቪራ ወሰደችው፣ ተየበችው፣ ተመልሳ መጣች።

«ዶክተር፣ ሁለት ገጽ ሆነ።»

«አንድ ገጽ ነው ደንቡ። አንድ ነገር አውጪ። ይህ የክኒኑ ታሪክ ረጅም ነው፣ እሱን አውጪው።»

«ዘርቃ ግን ይህን ክፍል…»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ትላለህ የአገሬ ልጅ?»

«ክኒንማ በየመድኃኒት ቤቱ ሞልቷል ሳሂብ» አልኩ። «የጠፋው ሥርዓት ያለው ልጅ ነው።»

የመስሚያ መሣሪያው እስኪያፏጭ ሳቀ። ኤልቪራ አልሳቀችም፤ ለአፍታ አየችኝ፤ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ፈሰሰ ውኃ ነበር ያየችኝ። ፈረመ። እሷ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዳ ትንሽ ነካካችና «ሄዷል» አለች። ዶክተሩ እስከ በር ሸኘኝ፤ የቤቴን ስልክም ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት «ቀጣይ» ያለኝ ሰው በር ከፈተልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንደ ወጣት ነው የሠራሁት። አንድ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ አደረስኩ፣ ሁለት ሴቶች ከነዕቃቸው መለስኩ፤ መንገዱ ቢዘጋም አልተናደድኩም። ለሩቂያ ስደውል የምለውን አዘጋጀሁ። «እኔ ባልሄድ ኖሮ የልጅሽ ደብዳቤ ደረቅ ነበር» እላለሁ። ርዕሰ መምህሩ አጠገቧ ሆኖ ይሰማል። እንደተለመደው ዝም ይላሉ፤ የዛሬው ዝምታ ግን የእኔ ይሆናል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ስገባ ዘርቃ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች ትዘፍን ነበር። ዘፍና አታውቅም። ትምህርቱ ስለረዘመ ከሆስፒታሉ በቀጥታ ነው ቤት የገባችው፤ ጋዋኑ ወንበር ላይ ተጥሏል። «ማሙ! ደብዳቤው ደርሷል!» አለችና ስልኳን ዓይኔ ሥር አደረገችው፤ አረንጓዴ ምልክት አለ፤ ደርሷል ይላል፣ ሌላ አይልም። ሸሚም ዶሮውን በቲማቲም ጠብሳለች፣ ቂጣውን በጨርቅ ሸፍናለች። ተቀመጥን። ልጅቷ ከአሥር ሳምንት በኋላ በላች፤ ሁለት፣ ሦስት ቂጣ። የሰራሁትን መቼ እንደምነግራት እያሰብኩ፣ ጨው እየነሰነስኩ፣ ደስታዬን በአፌ ይዤው ነበር።

«ሀርሺታ የነገረችኝን ልንገርሽ አክስቴ?» አለች። ሀርሺታ የሃይደራባድ ልጅ ናት፤ ሰኞ በዘርቃ ቦታ ታዛቢ ሆና ትገባለች፤ ጠዋት በስልክ የምታናግረው እሷን ነበር። «አምና ሌላ ክሊኒክ ለቆመ አንድ ልጅ የጻፉለትን ደብዳቤ አንድ መራጭ ሐኪም አይቶት ‹ታዛዥ ነው› ይላል፤ ‹ከጥሩ ቤተሰብ ነው› ይላል። ‹የምንፈልገው ሐኪም ነው ወይስ ውሻ?› አለ አሉ። በሳቅ ሞትን! ልጁን አንድም ቦታ አልጠሩትም። ለነገሩ እዚህ እንደሱ ሲጻፍ ‹የምናገርለት ሥራ አላገኘሁም› ማለት ነው።»

ሸሚም ሳቀች። እኔ የጨው ዕቃውን አስቀመጥኩ።

«ያንቺስ?» አለቻት ሸሚም።

«የእኔማ የክኒኑ ታሪክ አለበት።» ዘርቃ እጇን ጠረገች። «አንዲት አሮጊት ነበረች አክስቴ፣ ቤቷ ውስጥ እየዞረባት ትወድቃለች፤ ሦስት ሐኪም አይቷታል። እኔ መንካት አልችልም፣ መጠየቅ ግን ማን ይከለክለኛል? የምትውጪውን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ነይ አልኳት። አንዱን የግፊት ክኒን በሁለት ስም፣ ከሁለት መድኃኒት ቤት፣ ጠዋትም ማታም ትወስደዋለች። አንዱን አስቆሟት፤ ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም። አሥር ሳምንት እጄን አጣምሬ ቆሜ የሠራሁት ያን አንድ ነገር ነው። ሌላው ጨው ነው። ደብዳቤው እሱ ነው።»

ውኃ ጠጣሁ። ያኔ ሳሎን ውስጥ የቤቱ ስልክ ጮኸ፤ ሸሚም ተነስታ ሄደች። «ወዓለይኩም ሰላም… ኧረ በደስታ… እሑድ? ለሻይ?» ስትል ይሰማናል። ስትመለስ ሻሿን እያስተካከለች ነው፤ ሻሿን የምታስተካክለው ስትፈራ ነው።

«የዶክተር ሙነወር ባለቤት ናቸው። እሑድ ከዶክተሩና ከልጃቸው ጋር ሊመጡ ነው፤ ጥርስ ሐኪም ከሆነው ልጃቸው ጋር። ‹ባለቤትዎ ዛሬ ጣፋጭ ይዘው ቀርበው፣ ስለ ልጅቷ ሁሉን ነግረውናል› አሉኝ። የቢላል አባት፣ ምንድነው የነገርካቸው?»

ዘርቃ ሁለት እጆቿን ፊቷ ላይ አደረገች። «ወይኔ ማሙ! ሄዱ? ለዚህ እኮ ነበር! ሴትዮዋ ለዚያ ለሠላሳ ስምንት ዓመት ልጃቸው እያንዳንዷን ታዛቢ ‹እዚህ ማን ሽማግሌ አለሽ?› እያሉ ነው የሚጠይቁት። አጎት አለኝ ያለች ልጅ ቤት በሳምንቱ ትሪ ይዘው ይመጣሉ፤ እንቢ ስትባል ደግሞ ደብዳቤው ይዘገያል። ለዚህ ነበር እኮ ሰው ቤት ነኝ ያልኩት። ታክሲዎን ካዩ ደግሞ ‹ይህ ሰው ማነው?› ብለው እስከ ቤት ድረስ ይከተሉዎታል፤ ያ ጥግ ላይ እንዲያወርዱኝ የማደርገውም ለዚያ ነው።» ከዚያ ወደ ስልኳ፣ ወደ አረንጓዴው ምልክት አየች። ድምፅዋ ቀነሰ። «ስለ ደብዳቤው ግን አልተነሳም አይደል?»

አላይም ብላ ፈርማለች። ይህን እያወቅኩ ነው የተቀመጥኩት። «አልተነሳም» ብል ማንም አያውቅም፤ ሆስፒታሎቹ ዝም ይላሉ፤ ኅዳር ሲገባ ተስፋ ትቆርጣለች፤ ወደ ላሆር፣ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሙሽራ ትመለሳለች፤ ዕድሏ ነው ይባላል። ርዕሰ መምህሩ ከሹፌሮቹ ጋር አስቀመጠኝ፤ ሩቂያ ዝም አለች፤ እኔም አሁን ዝም ብል ሂሳቡ እኩል ይሆናል። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ አልደብቅም። ሽንኩርት የላጠችበት እጇ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጥፍሮቿ እስከ ሥጋው ተበልተዋል።

«‹ታዛዥ ናት› የሚለውን እኔ ነኝ ያስገባሁት» አልኩ።

ሸሚም የያዘችውን ቂጣ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«አንድ ገጽ ነው» አለች ዘርቃ፣ ቀስ ብላ፤ በሽተኛ እንደምትጠይቅ። «አንድ ነገር ከገባ አንድ ነገር ወጥቷል። ምን ወጣ ማሙ?»

«ክኒኑ።»

«እሱን ማን አለ?»

«እሳቸው ጠየቁኝ። ‹ክኒንማ በየመድኃኒት ቤቱ ሞልቷል› አልኩ። ሳቁ።»

እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ። ጩኸት ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ግድግዳውን ታያለች፤ ክሊኒኩ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ እንደምትቆመው። ታዛቢ አድርገው ተቀበሏት፣ እኔ ታዛዥ አድርጌ ሰደድኳት፤ ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት፣ በአንዲት ፊደል ሰው ይጠፋል። «ጠዋት በቱቦው ሰማሁሽ» አልኳት። «ሰው ቤት ነኝ ስትይ።» ይህን ስል ዞር ብላ አየችኝ፤ የተቆረጠውን አገጬን አየች፤ ነገሩ ገባት።

ስልኳን አንስታ ደወለች። የዶክተሩ ጆሮ ስለማይሰማ ድምፁ ክፍሉን ሞላው፤ ደህና ነሽ ልጄ፣ እሑድ እንመጣለን ልጄ። «ሳሂብ» አለች፣ ቆማ። «ስለ ደብዳቤው ነው የደወልኩት። እባክዎ የተጨመረውን ያውጡልኝና የክኒኑን ክፍል ይመልሱልኝ። አዲሱን ቢልኩት አሮጌውን ይተካዋል፤ እስከ ረቡዕ ይቻላል።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ከልቤ ነው የጨመርኩት። አጎትሽ ናቸው የነገሩኝ። ሳትጠይቅ አንድ ነገር አታደርግም አሉ።»

«አዎ፣ አጎቴ ናቸው። እሳቸው ቤት ነው ያለሁት። ግን ተሳስተዋል።»

በቤታችን፣ በሁለቱም አገር፣ ልጅ በታላቁ ፊት «ተሳስተዋል» ብሎ አያውቅም። ሸሚም እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ግን ጆሮዬ ላይ የቀሩት መጀመሪያ ያለቻቸው ቃላት ናቸው፤ «አጎቴ ናቸው፣ እሳቸው ቤት ነው ያለሁት»። የዶክተሩ መሣሪያ ሲያፏጭ ተሰማ። «እሺ ልጄ» አለ በመጨረሻ፤ «እሑድ እንመጣ የለ? ሻያችንን እየጠጣን፣ በእርጋታ፣ ሁሉንም እንነጋገርበታለን» አለና ዘጋው።

ሁሉንም፤ ልጃቸውንም፣ ደብዳቤውንም አንድ ላይ። እሷም ሰማችው። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ሦስት ሰዓት፤ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ አራት ጊዜ መታች። ከዚያ ጋዋኑን ከወንበሩ አንስታ ክንዷ ላይ አደረገችና የምድር ቤቱን ደረጃ ሁለት ያህል ወርዳ ቆመች።

«ማሙ።»

«አቤት።»

«እሑድ ሲመጡ በር ይከፍታሉ። ሻይ ያቀርባሉ። ስለ ላላ ሙሳ ባቡር ጣቢያ የፈለጉትን ያህል ይጫወቱ። ስለ እኔ ግን፣ ልጁ ሲቀርብም፣ ደብዳቤው ሲነሳም፣ አንድ ቃል አይናገሩም። የምናገረው እኔ ነኝ። ገባዎት?»

ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። እኅቴም፣ ባለቤቷም፣ ያ ዶክተርም እንዲህ ሲያዙኝ ውስጤ ያርር ነበር።

«እሺ» አልኩ።

ወረደች። ትንሽ ቆይቶ በቱቦው በኩል የኮምፒውተሩ ቁልፎች ሲንኳኩ ሰማሁ፤ ሸሚም ደግሞ ለሦስት እንግዳ የሚሆን ወንበር እንደሌለን ነገረችኝ። የእኔን ስጫቸው፣ እኔ ቆሜ አያለሁ፣ አልኳት።